ቡድኑ ሲወድቅ ማን ይሂድ?

ሰኔ አልቆ ሐምሌ ሲገባ የክለቦቻችንን የፌስቡክና የቴሌግራም ገጽ ለሚከታተል ሰው ሁለት ዓይነት ማስታወቂያ አይጠፋም። አንደኛው «ከተጫዋቻችን ጋር በስምምነት ተለያይተናል፣ አብረን ላሳለፍነው ጊዜ እናመሰግናለን» ይላል። ሁለተኛው ፎቶ ነው፦ ተጫዋቹ እስክሪብቶ ይዞ ወረቀት ላይ አጎንብሷል፣ ሥራ አስኪያጁ አጠገቡ ቆሟል፣ ከጀርባቸው የክለቡ ዓርማ ተሰቅሏል። ክለቡ ዓመቱን ሙሉ በወራጅ ቀጠናው ዙሪያ ሲዳክር የከረመ ከሆነ እነዚህ ማስታወቂያዎች በየቀኑ ይወጣሉ። አሥር ይሄዳሉ፣ አሥራ ሁለት ይመጣሉ። ደጋፊው ከሥር «አሁን ገና ቡድን ሠራን!» ብሎ ይጽፋል። መጋቢት ላይ እዚያው ገጽ ሥር «እነዚህን ሰብስባችሁ አባርሩልን» የሚለውም ያው ደጋፊ ነው።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነው። ውጤት የራቀው ቡድን ተጫዋቾቹን ይያዝ ወይስ ይቀይር? ጥያቄው የኳስ ብቻ ይመስላል። ግን አብዛኞቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት ነው። ሃያ ተጫዋች ሲሰናበትና ሃያ ሲፈርም የሚወጣው ገንዘብ የእናንተም የእኔም ነው። ስለዚህ ኳስ የማትወዱም ብትሆኑ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ የወደቀ ቡድን አብዛኞቹን ተጫዋቾቹን ይዞ መቀጠል አለበት። የምለው በእዝነት አይደለም። ጅምላ ስንብት በእኛ ሀገር ሁኔታ መድኃኒት ሆኖ ሳይሆን የክለብ አመራር ከተጠያቂነት የሚያመልጥበት በር ሆኖ ስለማየው ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» የሚለውን ተረት በዚህ ጉዳይ ላይ ሁሉም ይጠቅሰዋል። ግን ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው አሠልጣኝ ሲባረር ነው። ስለ ተጫዋች ሲሆን ተረቱ ይረሳል። ተጫዋች ሲቀየር «ቡድን ግንባታ» ይባላል፣ ስሙ ያምራል።

የሚቀየረው ማን ነው? የሚመጣውስ?

እስቲ በእኛ ሊግ ዝውውር እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። አብዛኞቹ ተጫዋቾች የሚፈርሙት የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ውል ነው። ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ ነፃ ነው፣ ወደ ፈለገው ክለብ ይሄዳል። የቀድሞ ክለቡ ሳንቲም አያገኝም። ይህ ማለት ክለቡ አንድን ልጅ ሁለት ዓመት ቀልቦ፣ አሠልጥኖ፣ ሲጎዳ አሳክሞ፣ ልክ ሊጠቅመው ሲል ለጎረቤት ያስረክባል ማለት ነው። በምትኩ እሱም ከሌላ ጎረቤት ይወስዳል።

አዲስ ፈራሚ ተብሎ የሚመጣው ማን እንደሆነ ደግሞ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ከባሕር ማዶ የመጣ ወይም ከታዳጊ ቡድን ያደገ ቢሆን አንድ ነገር ነው። አብዛኛው ግን ባለፈው ዓመት ሌላ ወራጅ ቀጠና ውስጥ የነበረ ክለብ «አይሆንም» ብሎ የሸኘው ተጫዋች ነው። የአንዱ ክለብ ተሰናባች የሌላው ክለብ ተስፋ ይሆናል። ሊጉን ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ያው የታወቁ ልጆች ማሊያ ተለዋውጠው ሲዞሩ ነው የሚታየው። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እምቦጭ።

ታዲያ በዚህ መዞር ውስጥ ማን ይጠቀማል? ተጫዋቹ በየፊርማው የተሻለ ገንዘብ ስለሚያገኝ ይጠቀማል፣ አልፈርድበትም። የእግር ኳስ ዕድሜ አጭር ነው፣ ደመወዙ ደግሞ በየወሩ ይመጣ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለም። ፊርማ ሲያገኝ ባይወስድ ሞኝ ነው። በመሐል ያለው ደላላም ይጠቀማል። ተጫዋች ከክለቡ ጋር አራት ዓመት ከቆየ ደላላው አራት ዓመት ጾም ያድራል፣ በየዓመቱ ከተዘዋወረ ግን በየዓመቱ ድርሻ አለው። ክለቡን የሚመሩት ሰዎችም ይጠቀማሉ። «ችግሩን ለይተን እርምጃ ወስደናል» ብለው ለከንቲባው ሪፖርት ማቅረብ ይችላሉ። የማይጠቀመው ክለቡ ራሱ ነው።

በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ላይ የተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተወስኖ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከዚያ ወዲህም የክለቦችን ወጪ ለመገደብ መመሪያ ወጥቷል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን የደመወዝ ጣሪያ ብቻውን የዝውውሩን ጎርፍ አያቆመውም። ሁሉም ውል በአንድ ሰኔ የሚያልቅ ከሆነ ሁሉም ተጫዋች በአንድ ሰኔ ገበያ ይወጣል፣ ገበያ ደግሞ ከጣሪያ በላይም ከጠረጴዛ በታችም መንገድ አያጣም።

ጅማ አባ ጅፋር፦ ከዋንጫ ወደ ታች

ከራሳችን ሊግ አንድ ታሪክ ላንሳ። ጅማ አባ ጅፋር ከከፍተኛ ሊግ አድጎ በ2010 ዓ.ም ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ገባ። ያኔ ቅዱስ ጊዮርጊስ አራት ዋንጫ በተከታታይ ያነሳበት ዘመን ነበር። አዲስ አዳጊው ክለብ ግን ባደገበት ዓመት ዋንጫውን ከፈረሰኞቹ ነጠቀ። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ነበሩ፣ ግቦቹን የሚያዘንበው ደግሞ የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ጅማ ያን ሰሞን ምን እንደመሰለች የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ።

ከዚያስ? አሠልጣኙ ወደ መቀለ 70 እንደርታ ሄዱና በቀጣዩ ዓመት፣ በ2011 ዓ.ም፣ እዚያም ዋንጫ አነሱ። ኦኪኪም ለቀቀ። ሻምፒዮኑ ቡድን በየዓመቱ እየሳሳ፣ በየዓመቱ አዲስ ፊት እየሰበሰበ ሄደ። የደመወዝ ጥያቄ በየጊዜው ይነሳ ጀመር። በ2013 ዓ.ም ከሰንጠረዡ ግርጌ ተገኝቶ በማጣሪያ ውድድር ነፍሱን አተረፈ። በ2014 ዓ.ም ግን ማትረፍ አልቻለም፣ ወረደ። ዋንጫ ካነሳ አራት ዓመቱ ነበር።

በእነዚያ አራት ዓመታት ክለቡ ተጫዋች አልቀየረም የሚል ሰው የለም። ቀይሯል፣ እንዲያውም ብዙ ቀይሯል። መቀየር ቡድን የሚያድን ቢሆን ኖሮ ጅማ ዛሬም ከላይ በሆነ ነበር። የጠፋው አብሮ የቆየ ቡድን ነው፣ እሱ ደግሞ በዝውውር መስኮት አይገዛም።

በተቃራኒው ፋሲል ከነማን ተመልከቱ። ዐፄዎቹ በ2011 ዓ.ም ዋንጫ በመጨረሻው ቀን ከእጃቸው አመለጠ። እንዲህ ያለ ሐዘን ብዙ ቡድን ይበትናል። የ2012 ውድድር ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተሰረዘ። ፋሲል ግን ሚኬል ሳማኬን ከግብ፣ ያሬድ ባየህን ከኋላ፣ ሱራፌል ዳኛቸውን ከመሐል፣ ሙጂብ ቃሲምን ከፊት ይዞ ቆየ። በ2013 ዓ.ም ዋንጫው ጎንደር ገባ። ልብ በሉ፣ አራቱ ስሞች ከግብ ጠባቂ እስከ አጥቂ ያለውን የቡድኑን አከርካሪ ይሠራሉ። ሌላው ቦታ ሊቀያየር ይችላል። አከርካሪ ግን በየዓመቱ አይሰበርም።

ኢትዮጵያ መድንም አለ። በ2015 ዓ.ም ወደ ሊጉ ሲመለስ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅዱስ ጊዮርጊስ 7 ለ 1 ተሸነፈ። 7 ለ 1! በዚያ ምሽት ድምፅ ቢሰጥ ኖሮ ከግብ ጠባቂው እስከ ወጌሻው ሁሉም ይባረር ነበር። አልተባረሩም። መድን ያንን ዓመት ከላይኞቹ ተርታ ጨረሰ። በ2016 ከዋንጫው ፉክክር ርቆ ከረመ፣ በ2017 ዓ.ም ግን የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ እነዚያው ገብረመድህን ኃይሌ ናቸው። በሦስቱ ዓመታት መድን ተጫዋች አልቀየረም አልልም። ቀይሯል። የቀየረው ግን ቡድኑ ለምን 7 እንደገባበት ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ያየው ሰው ነው። በጥሩ ለውጥና በጭፍን ለውጥ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ማንቸስተርና ሌስተር

አሁን ደግሞ ሁላችንም ቅዳሜና እሑድ ወደምናያቸው እንሂድ። የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች እዚህ ላይ ታገሡኝ።

ዩናይትድ ሰር አሌክስ ፈርጉሰን እ.አ.አ. በ2013 ከለቀቁ በኋላ ሞዬስን፣ ቫን ሃልን፣ ሞሪንሆን፣ ሶልሻየርን፣ ራንግኒክን፣ ቴን ሃግን፣ አሞሪምን አይቷል። በየአሠልጣኙ አዲስ ቡድን፣ በየአሠልጣኙ አዲስ ፊርማ። ዲ ማሪያ መጥቶ በዓመቱ ሄደ። ፖግባ በ89 ሚሊዮን ፓውንድ መጥቶ በነፃ ሄደ። እ.አ.አ. በ2024/25 ውድድር ዓመት ይህ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ቡድን 15ኛ ሆኖ ጨረሰ።

የሚገርመው ግን «አይረቡም» ተብለው የተሸኙት የት ደረሱ የሚለው ነው። ስኮት ማክቶሚናይ በ2024 ክረምት ወደ ናፖሊ ተሸጠ። በዚያው ዓመት ናፖሊ የጣልያን ሻምፒዮን ሆነ፣ ማክቶሚናይ ደግሞ የሴሪ አው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ግብ ጠባቂው ዲን ሄንደርሰን ወደ ክሪስታል ፓላስ ሄደ። በ2025 የኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ የማንቸስተር ሲቲን ፍጹም ቅጣት ምት አድኖ ለፓላስ በታሪኩ የመጀመሪያውን ትልቅ ዋንጫ አስገኘ። አንቶኒ ኢላንጋ በ15 ሚሊዮን ፓውንድ ለኖቲንግሃም ፎረስት ተሸጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኒውካስል ከ50 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አውጥቶ ወሰደው። እነዚህ ሰዎች ከማንቸስተር ወጥተው ባንድ ሌሊት ኳስ አልተማሩም። ቤቱ ነበር የታመመው። የታመመ ቤት ውስጥ ሲገባ ጥሩውም ይታመማል፣ ሲወጣ ይድናል።

በሌላ በኩል ሌስተር ሲቲ አለ። ታሪኩን ሁላችንም እንደ ተረት እናወራዋለን። ከዋንጫው ዓመት በፊት የነበረውን ዓመት ግን ብዙ ሰው አያስታውስም። እ.አ.አ. በ2014/15 ሌስተር የዓመቱን ግማሽ ያህል ያሳለፈው በሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ነበር። ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ጨዋታዎች ሰባቱን አሸንፎ በተአምር ተረፈ። ጄሚ ቫርዲ በዚያ ዓመት በሊጉ ያገባው 5 ግብ ብቻ ነው፣ ሪያድ ማህሬዝ ደግሞ 4። በእኛ ክለቦች መለኪያ ቢሆን ሁለቱም ሰኔ ላይ «ስለነበረን ጊዜ እናመሰግናለን» ይባሉ ነበር። ሌስተር ሽማይክልን፣ ዌስ ሞርጋንን፣ ድሪንክዋተርን፣ ማህሬዝንና ቫርዲን አቆየ። ከፈረንሳይ እምብዛም የማይታወቀውን ንጎሎ ካንቴን፣ ከጀርመን ኦካዛኪንና ፉክስን ጨመረ። በቀጣዩ ዓመት ቫርዲ 24፣ ማህሬዝ 17 አገቡ፣ ሌስተር በ81 ነጥብ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ።

እዚህ ላይ አሠልጣኙም ተቀይሯል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ፒርሰን ሄደው ራኒየሪ መጥተዋል። ራኒየሪ ግን የመጣውን ቡድን አላፈረሱም። ያገኙትን አወቁ፣ የጎደለውን ሞሉ።

ታማኝ ለመሆን ከእኔ ሐሳብ ጋር የሚጋጨውንም ማምጣት አለብኝ። ኖቲንግሃም ፎረስት እ.አ.አ. በ2022 ከ23 ዓመት በኋላ ወደ ፕሪሚየር ሊግ ሲመለስ በአንድ ክረምት ከ20 በላይ ተጫዋች አስፈረመ። ዓለም ሳቀበት። ፎረስት ግን 16ኛ ሆኖ ሊጉ ውስጥ ቆየ። ታዲያ ጅምላ ለውጥ ሠራ ማለት ነው? ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ፎረስትን ካሳደጉት ተጫዋቾች በርካታዎቹ በውሰት የነበሩ ናቸው፣ ወደየክለባቸው ሲመለሱ ቦታው ባዶ ነበር። ያባረረውን ሳይሆን የሌለውን ነው የተካው። ሁለተኛ፣ ቡድኑ ጥቅምት ላይ ከግርጌ ሲገኝ ሁሉም አሠልጣኙ ስቲቭ ኩፐር ይባረራሉ ብሎ ሲጠብቅ ክለቡ አዲስ ውል ሰጣቸው። ሃያ አዲስ ሰው ባለበት ቤት ቢያንስ አንድ የቆየ ሰው አስፈለገ። ይህንን ያደረጉትም ኪሳቸው በቴሌቪዥን ገንዘብ የተሞላ ሰዎች ናቸው። የእኛ የከተማ አስተዳደር ክለብ እነሱን ልምሰል ቢል የሚከተለው በኅዳር ደመወዝ ማጣት ነው።

«ግን እነዚህ ልጆች ለማሊያው አይሞቱም!»

የደጋፊውን ቁጣ አውቀዋለሁ፣ አልንቀውም። ደመወዙን ከቤቱ ወጪ ቀንሶ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሌላ ከተማ ድረስ ሄዶ ቡድኑ 3 ለ 0 ሲሸነፍ፣ ተጫዋቹ ደግሞ ከተጋጣሚው ጋር እየተሳሳቀ ሲወጣ የሚያይ ሰው ቢናደድ ይገባዋል። «አይሮጡም፣ ግድ የላቸውም» የሚለው ክስ አንዳንዴ እውነት ነው።

ግን ጥያቄውን እናዙረው። በየዓመቱ ክለብ የሚቀይር ልጅ ለየትኛው ማሊያ ነው የሚሞተው? ሚያዝያ ላይ ውሉ ሁለት ወር የቀረው፣ በሰኔ ማን እንደሚያስፈርመው የማያውቅ፣ እግሩ ቢሰበር ማን እንደሚያሳክመው እርግጠኛ ያልሆነ ተጫዋች ሸርተቴ የሚገባው በየትኛው ልብ ነው? ፍቅር ጊዜ ይፈልጋል። ስንብትን ልማድ ያደረገ ክለብ ለማሊያው የሚሞት ተጫዋች አጣሁ ብሎ ማማረር አይችልም።

ሌላም ነገር አለ። ከ2013 ዓ.ም ጀምሮ ሊጋችን በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ መካሄድ ለምደናል። በአንድ ከተማ ሁሉም ይሰበሰባል፣ በአንድ ሜዳ ላይ ጨዋታ በጨዋታ ላይ ይደራረባል። ለቴሌቪዥን ሥርጭት ተመችቷል። ተጫዋቹ ግን ለወራት ከሆቴል ሆቴል ይኖራል፣ ሜዳው ላይ የራሱ ደጋፊ የለም፣ ዝናብ ከጣለ ኳሷ አትንከባለልም። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ውስጥ አንድ ቡድን አምስት ጨዋታ በተከታታይ ሲሸነፍ ችግሩ ከግራ ተከላካዩ እግር ነው ወይስ ከአኗኗሩ? ግራ ተከላካዩን ብትቀይሩት አዲሱም እዚያው ሆቴል ነው የሚያድረው።

«ጊዜ የለንም፣ ከወረድን አለቀልን» የሚሉም አሉ። ይህ የአመራሮች መከራከሪያ ነው። እኔ ደግሞ ጊዜ የሚያባክነው ጅምላ ለውጡ ነው እላለሁ። አሥራ አምስት አዲስ ተጫዋች ያመጣ አሠልጣኝ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያጠፋው ማን በየትኛው እግሩ እንደሚመታ በማወቅ ነው። ሁለቱ መሐል ተከላካዮች ማን እንደሚወጣ ማን እንደሚሸፍን በዓይን ብቻ መግባባት አለባቸው። ግብ ጠባቂው ሲጮህ ድምፁን መለየት አለባቸው። ይህ በዝግጅት ወቅት ሦስት ሳምንት አይገኝም። ቡድኑ መግባባት ሲጀምር የመጀመሪያው ዙር አልቋል፣ ነጥቡም አልቋል። ያኔ አሠልጣኙ ይባረራል፣ አዲሱ አሠልጣኝ «የራሴን ልጆች አምጡልኝ» ይላል፣ በአጋማሽ ዓመቱ መስኮት ሌላ ስድስት ይፈርማል። ቡድኑ እንደገና አዲስ ነው።

ብሔራዊ ቡድናችንም ከዚህ ወንዝ ነው የሚጠጣው። ዋሊያዎቹ ለሳምንት ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ ከዚያ ይበተናሉ። ሌሎች ሀገሮች ይህንን የሚያካክሱት በአንድ ክለብ ውስጥ አብረው የቆዩ ሦስት አራት ተጫዋቾችን በአንድ ላይ በመጥራት ነው። እኛ ጋር ባለፈው ዓመት አብረው የነበሩት ዘንድሮ በሦስት ክለብ ተበታትነዋል።

ከማሰናበት በፊት አምስት ጥያቄ

ማንም አይነካ ማለቴ አይደለም። ዕድሜው የገፋ፣ ዲሲፕሊን የሚያፈርስ፣ ለደረጃው የማይመጥን ተጫዋች አለ፣ መሄድ ያለበትም ይሂድ። ግን አንድ የክለብ ቦርድ የስንብት ደብዳቤ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልስ፦

1. ደመወዝ በወቅቱ ከፍለናል? ሁለትና ሦስት ወር ያልተከፈለው ተጫዋች አቋም ወረደ ብሎ መገምገም ነውር ነው። መጀመሪያ ዕዳህን ክፈል፣ ከዚያ ፍረድ።

2. ያው ቋሚ አሰላለፍ ስንት ጨዋታ አብሮ ተሰለፈ? በየሳምንቱ የተቀያየረ የኋላ መስመር ግብ ቢቆጠርበት ተከላካዮቹ ደካማ ናቸው ለማለት ገና ነው፣ ገና ቡድን አልሆኑምና።

3. የጎደለን ቦታ የቱ ነው? «ቡድኑን ማጠናከር» መልስ አይደለም። «ቀኝ ተከላካይና ግብ የሚያገባ አጥቂ» መልስ ነው። ቦታውን መጥራት የማይችል አመራር ለቦታው ሰው ማምጣትም አይችልም።

4. የሚመጣው ከሚሄደው ይሻላል ወይስ አዲስ ስለሆነ ብቻ ነው? ባለፈው ዓመት ስንት ጨዋታ ተጫወተ? ለምን ተሰናበተ? ያሰናበተው ክለብ ከእኛ ደረጃ በላይ ነው ወይስ በታች?

5. ከታዳጊና ወጣት ቡድናችን ለዚያ ቦታ የሚሆን ልጅ የለም? ከሌለ ታዲያ ያ ቡድን በየዓመቱ በጀት የሚይዘው ለምንድን ነው?

እነዚህን በትክክል የመለሰ ክለብ በእኔ ግምት ከሦስት እስከ አምስት ተጫዋች ነው የሚቀይረው። ከቋሚ አሥራ አንዱ ቢያንስ ሰባቱን ያቆያል። ሁለት ልጆችን ከወጣት ቡድኑ ያሳድጋል።

ከሁሉም በላይ ግን የውል አሠራሩ ይቀየር። ሁሉንም ተጫዋች በአንድ ሰኔ ነፃ ከማድረግ ውሎችን ማፈራረቅ ይቻላል፣ ዘንድሮ ሢሶው፣ በሚቀጥለው ዓመት ሌላው ሢሶ። ጥሩ ወጣት የተገኘ እንደሆነ ደግሞ ረዘም ያለ ውል ይሰጠው። የአቡበከር ናስርን ነገር አስታውሱ። በ2013 ዓ.ም ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አግብቶ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፣ በቀጣዩ ዓመት ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ተዘዋወረ። ውሉ ስላላለቀ ክለቡም በዝውውሩ ገንዘብ አገኘ። አንድ ልጅ ቆይቶ ሲያድግ ክለቡም፣ ልጁም፣ ሀገርም ያተርፋሉ። በየዓመቱ ብንሸኘው ኖሮ ይህን አናይም ነበር።

ደጋፊ ማኅበራትም ድርሻ አላቸው። ስታዲየም ውስጥ መጮኽ ብቻ አይበቃም። ሰኔ ላይ ቦርዱን ጠርታችሁ ስንት ተጫዋች ለቀቀ፣ ለምን ለቀቀ፣ ስንት መጣ፣ በስንት ብር መጣ ብላችሁ ጠይቁ። የከተማው ምክር ቤት አባላትም በጀት ስታጸድቁ ይህንኑ ጠይቁ። ለአንድ ጤና ጣቢያ ግንባታ ሦስት ጊዜ ማብራሪያ የሚጠይቅ ምክር ቤት ለክለብ ፊርማ የሚወጣውን ሚሊዮን በጭብጨባ ሲያሳልፍ ማየት ያሳዝናል።

ጎበዝ፣ ቡድን ሲወድቅ አንድ ሰው መጠየቅ አለበት፣ በዚህ እንስማማለን። ልማዳችን ሆኖ ግን የምንጠይቀው ማሊያ የለበሰውን ነው። ማሊያ የለበሰው በዓይን ይታያል፣ ኳስ ሲስት ሁሉም ያየዋል። ደመወዝ ያዘገየው፣ ውሉን አሳጥሮ የፈረመው፣ በነሐሴ አሥራ አምስት ሰው ሰብስቦ «ለዋንጫ እንጫወታለን» ያለው ግን ወንበሩ ላይ ነው። በሐምሌ ደግሞ እስክሪብቶ ከያዘው አዲስ ተጫዋች አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሳል። በሚቀጥለው ክረምት እነዚያን ፎቶዎች ስታዩ አዲሱን ልጅ ብቻ አትዩ፣ አጠገቡ የቆመውንም ዩት፣ ባለፈው ዓመትም እዚያው ቆሞ ነበር።

የእናንተ ክለብስ በዚህ ክረምት ስንት ተጫዋች አሰናበተ? ስንትስ አመጣ? ቁጥሩን የምታውቁ ከሥር ጻፉልን፣ እንቁጠረው።